መካከለኛው ፔዳል

ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ ሥር ሦስት ፔዳሎች አሉ። ከተጠቀምኩባቸው ቆይቷል። ባለቤቴ ወለሉን ስትወለውል ወደ ግድግዳው ትገፋቸዋለች፤ እኔ ደግሞ ስቀመጥ ሳላስበው በእግሬ ጎትቼ ወደ ቦታቸው እመልሳቸዋለሁ። የሚያያቸው እንግዳ የልብስ ስፌት መኪና ቅሪት ይመስሉታል። የኮምፒውተር መሆናቸውን ስነግረው ወይ ይስቃል፣ ወይ እንዳያስቀይመኝ ዝም ይላል። ከዚያ ዘመን በእጄ ልነካው የምችለው ነገር እነሱ ብቻ ናቸው፤ በዚህም ምክንያት ከራሴ ትዝታ ይበልጥ አምናቸዋለሁ።

የእጆቼ ሕመም የጀመረው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ይመስለኛል። ባለቤቴ ግን ከዚያ በፊት፣ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር፣ ጠመኔ ከእጄ እየወደቀ እንደሚያስቸግረኝ እነግራት እንደነበር ታስታውሳለች። የእሷን እንውሰድ። መቼም ይጀምር መቼ፣ ሐኪሙ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለው ነገር አውራ ጣቶቼንና ትንንሾቹን ጣቶቼን ቀስ በቀስ ከሥራ አወጣቸው። በቀሩት ጣቶች አንድ አንድ ቁልፍ እየመረጥኩ መጻፍ እችል ነበር። ያቃተኝ ሁለት ቁልፍ ባንድ ጊዜ መጫን ነው። በኮምፒውተር ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ዋና ዋናው ነገር ሁሉ ሁለት ቁልፍ ይጠይቃል፦ ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው መሻገር፣ የተሳሳተን ቃል እንዳለ ማጥፋት፣ የተጻፈውን ማስቀመጥ።

ችግሩ እኔን ብቻ የሚመለከት ቢሆን ኖሮ መጻፉን ትቼ በማንበብ እወሰን ነበር። ሆኖም ከሌላ ሰው ጋር የጀመርኩት ሥራ ነበረኝ፤ ያ ሰው ደግሞ ጊዜ አልነበረውም።

ጓደኛዬ የሱሉልታ ሰው ነው። በወጣትነታችን ሰበታ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል፤ እሱ ባዮሎጂ፣ እኔ ጂኦግራፊ። እኔ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄጄ፣ ተምሬና አስተምሬ፣ ጡረታዬን ይዤ ወደ ሰበታ ተመለስኩ። እሱ ወደ ሱሉልታ ተዛውሮ እዚያው አስተማረ፣ እዚያው አረጀ። በመንደሩም በእኔ ቤትም «ኦቦ»፣ አቶ እንደማለት፣ ነው የሚባለው፤ ባለቤቴ ስሙን ጨምራ ጠርታው የምታውቅ አይመስለኝም። የሱሉልታን ሜዳ ሣሮች፣ ምንጮች፣ የአፈሩንና የዝናቡን ዓይነት ከእናቱ አፍ የተማረ ሰው ነው። ይህን እውቀት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን፣ ትንሽ መጽሐፍ እናድርገው የተባባልነው ሁለታችንም በሥራ ላይ ሳለን ነበር። እንደዚያ ያሉ ነገሮች በሥራ ላይ እያሉ ይታሰባሉ፣ በጡረታ ይጀመራሉ።

ስንጀምር ግን ዓይኑ ታሞ ነበር። የዓይን ግፊት ነው። ሐኪሙ የነገረው፣ እሱም ሳይደብቅ የነገረኝ፣ የሚያየው ነገር ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ እንደሚሄድና መቼ ፈጽሞ እንደሚዘጋ ማንም እንደማያውቅ ነበር። ጓደኛዬ ስለ ራሱ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከበራፌ ሊወጣ ሲል፣ ባርኔጣውን ይዞ ቆመና «መጽሐፉ ሱቅ ባይገባ ግድ የለኝም» አለኝ። «ዓይኔ ሳይዘጋ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ቆመው ልያቸው። ሌላ አልፈልግም።»

በሳምንት አንድ ቀን ከሱሉልታ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባን በታክሲ እየቀያየረ አቋርጦ፣ ሰበታ ቤቴ ይመጣል። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ጮቆርሳ ሲል በላቲን ፊደል እጽፋለሁ፣ ከጎኑ ሰርዶ ብዬ በግዕዝ ፊደል፤ ቡርቃ ሲል ምንጭ፣ መልካ ሲል የወንዝ መሻገሪያ። ቀጥሎ ማብራሪያው በሁለቱም ይመጣል፦ ከብት ይወደዋል ወይ፣ ከየትኛው ዝናብ በኋላ ይበቅላል፣ ድርቆሽ ሲሆን ሽታው እንዴት ነው። ይህ ሁሉ ደግሞ በተራ አይመጣም። ጓደኛዬ ዓረፍተ ነገር ባንዱ ቋንቋ ጀምሮ በሌላው የሚጨርስ ሰው ነው፤ መሻገሩን ራሱ የሚያውቀው አይመስለኝም። እሱ በምላሱ በሚሻገር ቁጥር እኔ በጣቶቼ መሻገር ነበረብኝ፤ ጣቶቼ ደግሞ እንቢ አሉ። እኔ በሁለት እጄ አንዲት ቁልፍ እየፈለግሁ ሳለ እሱ ሦስተኛው ሣር ላይ ደርሷል።

ቡራዩ ገበያው አጠገብ የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ጥገና ቤት ያለውን ሰው ያገኘልኝ እሱ ነው። ጠጋኙ ከደቡብ መጥቶ መጀመሪያ በፋብሪካ ተቀጥሮ፣ በኋላ በራሱ ሱቅ የሠራ፣ ወሬ የሚወድ ጎልማሳ ነበር። እሑድ እሑድ ቸርች ውስጥ የመዝሙር ኪቦርድ ይጫወታል፤ ሱቁ ጥግም ከየቸርቹ ለጥገና የመጡ ኪቦርዶች ተደርድረው ነበር። የጣቶቼን ነገር ሲሰማ እጄን ይዞ እንደ ተበላሸ ዕቃ አገላብጦ አየና ከጠረጴዛው ሥር በሽቦዋ የተንጠለጠለች ጥቁር ፔዳል አወጣ። የመዝሙሩ ድምፅ ቶሎ እንዳይቋረጥ ተጫዋቹ በእግሩ የሚረግጣት ናት።

«ጋሼ፣ እኛስ በእጃችን ብቻ መቼ ተጫወትን?» አለኝ።

ከተጣለ የኮምፒውተር ኪቦርድ ሆድ ውስጥ ትንሿን ሰሌዳ አወጣ፣ ሽቦ በየደ፣ ሦስት ፔዳሎች አንድ ጣውላ ላይ አሰረ። በኮምፒውተሩ ውስጥም ያልገባኝን ነገር አስተካከለ። ፔዳሎቹ እንዴት ይሰለፉ የሚለውን ማን እንዳሰበው ግን እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። እኔ የማስታውሰው እሱ መኪና ነድቼ እንደማውቅ እንደጠየቀኝ፣ ለብዙ ዓመት አንዲት አሮጌ ቮልስ እንደነዳሁና መሪዋን መያዝ ሲያቅተኝ እንደሸጥኳት እንደነገርኩት፣ እሱም «እንግዲያው እንደ መኪናዎ እናድርጋት፣ እግርዎ ያውቀዋል» እንዳለኝ ነው። እሱ ደግሞ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ እንደሆንኩ፣ እሱ እንዲያውም እንደ ቸርቹ በአንድ ፔዳል ሊጀምር አስቦ እንደነበር ይምላል። የማንም ይሁን የማን፣ ግራው እንደ ፍሪሲዮን ሆነ፤ ሲረገጥ ቋንቋ ይለውጣል። ቀኙ፣ የነዳጁ፣ የተጻፈውን ያስቀምጣል። በፍሬኑ ቦታ ያለው መካከለኛው ደግሞ ያጠፋል፤ ወደ ኋላ እየተመለሰ ቃል በቃል ይበላል፣ እግር ካልተነሣለት አያቆምም።

እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ ብቻ የጻፍኩ ሰው፣ ከጠረጴዛ በታች ያለው ግማሽ አካሌ ለጽሑፍ ሥራ ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ግራ እግሬ ሱሉልታንና ሰበታን እያገናኘ ነበር ብል አጋነንኩ አይባልም። ጓደኛዬ ዓረፍተ ነገሩን መሐል ላይ ሲሰብረው እኔም ማርሽ እንደሚለውጥ ሰው ፍሪሲዮን ረግጬ እከተለዋለሁ። መብራት ይሄዳል በሚል ስጋትም ነዳጁን ቶሎ ቶሎ እረግጣለሁ። ባለቤቴ በበሩ ብቅ እያለች የት እንደደረስኩ ትጠይቀኛለች፤ «ተፍኪን አልፌያለሁ» እላታለሁ። ተፍኪ ከሰበታ ብዙም አይርቅም። «ቮልሷም ከዚያ አልፋ አታውቅም» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ክረምቱን እንዲህ አሳለፍን። ጓደኛዬ በዝናብ ካፖርቱ ረጥቦ ይመጣል፣ የመስክና የውሃ ክፍል ያልነውን ይነግረኛል። መጽሐፉ የተጻፈው ለዚህ ክፍል ነው ማለት ይቻላል። ሌላው ሣር የትም ይበቅላል፤ የእናቱ ምንጮችና ረግረጎች ግን ሱሉልታ ብቻ ነበሩ፣ ከነሱም አንዳንዶቹ በአጥር ውስጥ ገብተው ነበር። ክረምቱ ሲያልቅ ክፍሉ ተጠናቀቀ። የቀረኝ ማረም ብቻ ነበር፤ ጓደኛዬም የመኸሩ ሥራ ጋብ እስኪል እንደማይመጣ ነግሮኝ ሄደ።

አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር በአንድ ዕቅድ ስለሚያያይዘው ማስተር ፕላን የተነሣው ተቃውሞ ወደ እኛ የደረሰው በዚያን ጊዜ ነው። 2008 ዓ.ም. ነበር፤ ወሩን ኅዳር ወይም ታኅሣሥ እላለሁ፣ ከዚያ በላይ አልወራረድም። ስለ ፕላኑ እዚህ ለመከራከር አልተነሣሁም፤ የዚያን ጊዜም ከቤቴ ውጭ ብዙ አልተናገርኩም። ሰበታ ላይ መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ሱቆች ግማሽ መዝጊያቸውን አውርደው ይሠራሉ። ከሱሉልታ የሚመጣው ወሬ በሜዳው ላይ ማን እንደተከላቸው ያልታወቁ ችካሎች እንደታዩ፣ በማግስቱም ተነቅለው እንደተገኙ ነበር። ጎረቤቶቻችን በሁለት ቋንቋ ሰላም መባባላቸውን አልተውም፤ ሰላምታው ብቻ አጠረ።

ከእነዚያ ቀናት ባንዱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዬን ተቀምጬ የመስክና የውሃውን ክፍል አርማለሁ። ባለቤቴ ጓሮ ነበረች። ከዋናው መንገድ በኩል ሆታ የሚመስል ነገር ይሰማ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ስለነበር ጆሮዬ ለምዶታል። ድንገት በጣም ቅርብ የሆነ አንድ ፍንዳታ ተሰማ። ጎማ ነው ያሉ ነበሩ፣ አስለቃሽ ጭስ ነው ያሉም ነበሩ፤ እኔ አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው ቀኝ እግሬ ያደረገውን ነው። ቮልሷን ከሸጥኩ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እግሬ ግን ማንንም ሳይጠይቅ በሙሉ ክብደቱ ፍሬን ያዘ።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ስለነበር ስክሪኑን አላየሁም። ባለቤቴ ደህና ነኝ እያለች ከጓሮ ስትጣራ ሰማሁ፣ መለስኩላት። ውጭ የሚሮጥ ሰው ኮቴ አለፈ፤ ቀጥሎ ጸጥ አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን እግሬ ፍሬኑ ላይ እንደቆመ ነበር። ጸጥታው ሲረዝም ትንፋሼን ለቀቅሁ። መንገድ እንደተከፈተለት ሾፌርም እግሬን ከፍሬኑ አንሥቼ ነዳጅ ሰጠሁ።

ወደ ስክሪኑ ስዞር ከክፍሉ ርእስና ከጥቂት መስመሮች በቀር ገጹ ባዶ ነበር። ቃል በቃል በልቶት፣ የተረፈውን ባዶ በገዛ እግሬ አስቀምጬዋለሁ። ምን እንደሆነ እየገባኝ ሳለ መብራት ሄደ። በኋላ ጠጋኙ እንደነገረኝ፣ መብራቱ ባይሄድ ኖሮ የጠፋውን የሚመልሱ ቁልፎች ነበሩ። እነሱም ሁለት ናቸው፣ ባንድ ጊዜ የሚጫኑ። በፍላሽ የገለበጠልኝ ቅጂ ደግሞ ከክረምቱ በፊት የተወሰደ ነበር።

ተቋርጦ የነበረው ስልክ በማግስቱ ሠራ። ጓደኛዬን አግኝቼ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገርኩት፤ ፍንዳታውን፣ ፍሬኑን፣ ነዳጁን። በቅደም ተከተል መናገር በድንጋጤ ጊዜ የማመልጥበት ልማዴ ነው።  ክረምቱን ሙሉ የተመላለሰበትን መንገድ ሲያሰላ፣ ከዓይኑም ሲያወራርደው ታየኝ።

«ፍሬኑ ግን ይሠራል ማለት ነው» አለ።

«ይሠራል» አልኩት።

«ደግ። ፍሬን የሌለው መኪና አልሳፈርም።»

በስልክ መልሶ ሊነግረኝ ፈለገ፤ ጀምሮም ነበር። የመጀመሪያውን ምንጭ ስም፣ ቀጥሎ በምንጩና በመስኩ መሐል ያለውን መሻገሪያ ጠራልኝ። እኔ ግን አቋረጥኩት። ሁለት ሽማግሌዎች በዚያ ሰሞን በስልክ የሜዳና የመሻገሪያ ስም በተራ ሲጠራሩ ሌላ የሚሰማ ጆሮ ቢኖር ምን ይለዋል ብዬ ሰጋሁ። ስጋቴን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። «እኔን ስለ ሣር ቢጠይቁኝ እስኪሰለቻቸው እነግራቸዋለሁ» አለ። ቢሆንም በስልክ እንደማይሆን ተስማማን። መንገዱ ሲከፈት ይመጣል። መቼ እንደሚከፈት አልጠየቀኝም፣ እኔም አላነሣሁም። ስለ ዓይኑ የጠየቅሁት ልንሰነባበት ስንል ነው፤ ጠዋት ጠዋት በጎቹን የሚቆጥራቸው በዓይኑ መሆኑ ቀርቶ በእጁ እየዳሰሰ እንደሆነ ነገረኝ።

እስከዚያ ድረስ ካስታወስኩት እጽፋለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ጥንቃቄ ይሆነኛል ብዬም እርግጠኛ ባልሆንኩበት ቃል አጠገብ የጥያቄ ምልክት ላደርግ ወሰንኩ። በመጀመሪያው ቀን ምልክቶቹ ጥቂት ነበሩ። በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያውን ቀን ሥራ ሳነብ ጨመርኩባቸው። ሥራውን ባጠናቀቅሁበት ጊዜ ከጥያቄ ምልክት የተረፈው ጥቂት ብቻ ሆነ። የሚገርመው፣ ጓደኛዬ ቃሉን የነገረኝን ቃና፣ የተቀመጠበትን ወንበር፣ የዝናቡን ድምፅ አስታውሳለሁ፤ ቃሉ ራሱ ግን ይሸሸኛል። በወንበሩ ላይ የጥያቄ ምልክት አላደረግሁም፤ ማድረግ ነበረብኝ።

መንገዱ ተከፈተ፣ ፕላኑም ቀረ ተባለ። ጓደኛዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በጋው ገፍቶ ነበር። በትር ይዞ ነበር። ከዚያ በፊት በትር ይዞ አይቼው አላውቅም። «አካም ጅርታ?» እያለ ሲገባ ትከሻው የበሩን መቃን መታው፤ መቃኑን በአፋን ኦሮሞ ይቅርታ ጠየቀው። ባለቤቴ ሳቀች፤ ቀጥላ ወደ ጓዳ ገባችና ቆይታ ወጣች።

ካስታወስኩት የጻፍኩትን አነበብኩለት። ብዙውን አጸደቀው፣ አንዳንዱን አረመው፣ አንዳንዱን ከራሴ የፈጠርኩት መሆኑን በትሕትና ገለጸልኝ። ካነበብን በኋላ መጻፍ ልንጀምር ስንል በበትሩ ከጠረጴዛው ሥር ዳሰሰ።

«መካከለኛውን ለእኔ ስጠኝ» አለ።

ምክንያቱን ጠየቅሁት።

«አንተ ዕድሜህን ሙሉ ነድተሃል። እኔ የነዳሁት አህያ ብቻ ነው፤ አህያ ፍሬን የለውም። እግሬ የሚያስታውሰው ነገር የለም።»

ጠጋኙን ቡራዩ ድረስ ሄጄ ጣውላውን አስቆረጥኩ። መካከለኛውን ለይቶ ረዥም ሽቦ አደረገለት፤ ሁለቱ ለእኔ ቀሩ። ከዚያ በኋላ አንድ ኮምፒውተር ፊት ሁለት ሽማግሌዎች ጎን ለጎን እንቀመጥ ጀመር። ጓደኛዬም ከወር ወር የመንገዱን ነገር እያየ፣ ሲመጣ ጥቂት ቀን እያደረ ይሄድ ነበር። እኔ ሁለት ፔዳልና ጥቂት ጣቶች፣ እሱ አንድ ፔዳል። የማስቀመጥ ሥልጣን የእኔ፣ የማጥፋት ሥልጣን የእሱ ሆነ። ክፍፍሉ ለእሱ እንደሚያደላ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከተቀመጠበት ሆኖ ስክሪኑን ማንበብ አይችልም፤ የቁልፎቹን ድምፅ ግን ይሰማል። ከተናገረው በላይ ከጻፍኩ በድምፁ ያውቅብኛል። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ሣር የጂኦግራፊ ሰው ሊጽፈው የሚገባውን ያህል፣ ስለ ከፍታውና ስለ አፈሩ አመጣጥ፣ አንድ ጥሩ አንቀጽ ልጨርስ ስል ከጠረጴዛው ሥር ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንቀጹ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቃል በቃል ተመለሰ። እግሩን ያነሣው የሣሩ ስም ጋ ሲደርስ ነው፤ እንዴት እንዳወቀ አላውቅም።

«ስለ ሣሩ ነው የነገርኩህ» አለ። «ስለ ዓለም አይደለም።»

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ መካከለኛው ፔዳል ከጋብቻችን ጀምሮ ቢኖር ደስ ይላት እንደነበር ተናገረች።

በአንድ ቃል ብቻ አልተስማማንም። ከላይ ደረቅ መስሎ የላም እግር ሲያርፍበት የሚሰምጥ መሬት አለ፤ ለዚያ መሬት ስም ጽፌ ነበር፣ ያለ ጥያቄ ምልክት። ጓደኛዬ ያን ቃል ከአፉ እንዳላወጣው፣ ሱሉልታ ውስጥም ሰምቶት እንደማያውቅ ተናገረ። እኔ ግን የነገረኝን ቀን አስታውሳለሁ፤ ዝናብ ነበር፣ ግራጫ ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ በእጁ መዳፍ የላሟ እግር ሲሰምጥ አሳየኝ። ግራጫ ካፖርት ኖሮት እንደማያውቅ ነገረኝ። ባለቤቴን ጠራን። ግራጫው ካፖርት የእኔ እንደነበረና ለዘበኛ እንደሰጠችው አስታወሰችን። ይህ ስለ ቃሉ ምንም አያረጋግጥም፤ ስለ ምስክሩ ግን ጥቂት ይናገራል። እግሩን ፔዳሉ ላይ እንዳሳረፈ ጠበቅሁ። አልረገጠም። «ከወደድከው ይቆይ» አለ፤ «ላሟ አትጠይቀንም።» ነዳጁን ረገጥኩ።

የመስክና የውሃው ክፍል ብቻ ተለይቶ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ጠጋኙ ሱቅ በነበረው ማተሚያ እንዲታተም ወሰንን። ሙሉው መጽሐፍ ገና ነበር፤ ዓይኑ ግን መጽሐፉን አልጠበቀም። በመካከሉ ሁከቱ ተመልሶ፣ መንገዱም ተዘግቶ ተከፍቶ ነበር። ሁለታችንም ቡራዩ ተገናኘን፤ እሱ ከሱሉልታ፣ እኔ ከሰበታ። ጠጋኙ የመዝሙር ኪቦርዶቹን ገፋ አድርጎ ወንበር ሰጠው፣ ከማተሚያው የወጣችውን የመጀመሪያዋን ሉህ ገና እንደሞቀች አስያዘው።

ጓደኛዬ ወረቀቱን ወደ ፊቱ አስጠግቶ በቀረችው ጠባብ ብርሃን ማንበብ ጀመረ። አንድ ቃል ያነብባል፣ ወረቀቱን ያንሸራትታል፣ ቀጣዩን ያነብባል። የግራውን ዓምድ በአፋን ኦሮሞ ጨረሰ። የቀኙን በአማርኛ ጀመረ። ድምፁ የተማሪ ድምፅ ሆኖ ነበር። ያ ያልተስማማንበት ቃል ጋ ሲደርስ ፈገግ አለ፤ ቀኝ እግሩም ከሱቁ ወለል ላይ ትንሽ ተነሥቶ፣ ምንም በሌለበት ቦታ፣ ሲሚንቶውን ረገጠ። ያየሁ ይመስለኛል። ጠጋኙን በዓይኔ ብጠይቀው እሱ ማተሚያውን ነበር የሚያየው።

ጓደኛዬ ግን ወረቀቱን አወረደ። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ደስታ አልነበረም።

«አንዱን ሳይ ሌላው ይጠፋል» አለ።

ፊደሉን ለዓይኑ ብለን አሳድገነዋል፤ በጠባቧ ብርሃኑ ውስጥ የሚገባው ታዲያ አንድ ዓምድ ብቻ ሆነ። ማናችንም ይህን አላሰብነውም ነበር። ጠጋኙ አሳንሶ ሊያትመው ተነሣ፤ ያን ግን ጓደኛዬ ማንበብ እንደማይችል ሦስታችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ ጓደኛዬ ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጋና ይዤው ወደ ኋላ እንድሄድ ጠየቀኝ። በሁለት እጄ ዘርግቼ ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከጠረጴዛው አለፍኩ፣ ከኪቦርዶቹ አለፍኩ። «ትንሽ ትንሽ» ይለኛል። የሱቁ ደፍ ላይ ስደርስ ከኋላዬ የሚኒባስ ረዳቶች ወደ አስኮ ሲጣሩ ይሰማኝ ነበር።

«ቁም» አለ።

ቆምኩ።

ከዚያ ርቀት ፊደል ማንበብ እንደማይችል አውቃለሁ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አገጩን ትንሽ ከፍ አደረገ፤ እንደዚያ ሆኖ አየ። ሁለቱ ዓምዶች ለእሱ ከሁለት የተለቀለቁ አጥሮች የበለጠ ሊታዩት አይችሉም፣ አንዱ ካንዱ አጠገብ የቆሙ። ብዙ ጊዜ አየ።

«አዎ» አለ፤ «ቆመዋል። እዚያው ያዘው።»

ምን ያህል ጊዜ እንደያዝኩት አላስታውስም። አውራ ጣቶቼ ወረቀት ለመያዝ እንኳ የማይታመኑ ነበሩ፤ ወረቀቱ ግን አልወደቀም። ጠጋኙ፣ በኋላ ስንገናኝ፣ አንዱን ጫፍ እሱ እንደያዘልኝ ነገረኝ። ይዞልኝ ሊሆን ይችላል።